ወጌሻ፣ ኦስቲዮፓት፣ ሐኪም፦ የሰውን አጥንት ለመንካት ምን ዓይነት ትምህርት ይበቃል?

(በልደታ ክፍለ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች ክፍት ሆኖ ከቀረበ የሕዝብ ገለጻ በጽሑፍ የተገለበጠ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሆኑት በየቦታቸው ተገልጸዋል።)

 

የዛሬውን ርእስ ያወረሰኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። በአሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ሴት ልጁ የሕክምና ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ የአባትየው ደስታ ግን ሙሉ አልነበረም። «የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት ነው አሉኝ። ትርጉሙን ብጠይቅ አጥንት ማሸት እንደሚማሩ ነገሩኝ። እስቲ አንተ አናቶሚ የምታስተምር ሰው ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ፤ ይህች ልጅ ሐኪም ልትሆን ነው ወይስ ወጌሻ?» አለኝ።

ሳቅሁ። «ሐኪም ናት፤ አይዞህ» ብዬ አረጋጋሁት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። በሐኪምና በወጌሻ መካከል ያለው ልዩነት በትክክል ምንድን ነው? የዓመታት ብዛት ነው? ነጭ ካፖርት ነው? የተማረበት ቋንቋ ነው? ወይስ ሌላ ነገር? ይህን ጥያቄ እኔ እንደ ዋዛ ላልፈው የማልችልበት የግል ምክንያትም አለኝ። አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ።

የተወለድሁት በገጠር ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከበቅሎ ወድቄ ትከሻዬ ወለቀ። የአካባቢያችን ወጌሻ መጡ፤ ክንዴን በቀስታ ሳብ አድርገው፣ አዙረው፣ ወደ ቦታው መለሱት። ሕመሙ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ትከሻዬ እስከ ዛሬ ደኅና ነው። በሁለተኛው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ከዛፍ ወድቆ የቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተሰበረ። እኚሁ ሰው መጡ። አጥንቱን አስተካክለው በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፈው አጥብቀው አሰሩት። ሌሊቱን ወንድሜ ሲጮኽ አደረ። እናቴ «አጥንት ሲገጥም ያማል» ብላ አጽናናችው፤ የተባለችውም ይህንኑ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲፈታ ጣቶቹ ደንዝዘው ነበር። እጁ አልተቆረጠም፤ ነገር ግን ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ እርፍ ጨብጦ አርሶ አያውቅም።

ያው ሰው፣ ያው እጅ ነው። እኔን አዳነ፤ ወንድሜን ጎዳ። በሁለቱም ጊዜ ያው ቅንነት ነበረው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ወጌሻን ለመውቀስም ለማወደስም አይደለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የመጀመሪያውን ዕውቀት ጠብቆ ሁለተኛውን ጉዳት የሚያስቀር ምን ዓይነት ትምህርት፣ ምን ዓይነትስ የሙያ ማረጋገጫ ነው?

ኦስቲዮፓቲ ከወዴት መጣ?

በአጎቴ ልጅ ጥያቄ እንጀምር። የኦስቲዮፓቲ መሥራች አንድሩ ቴይለር ስቲል ይባላል። በ1828 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ተወለደ። አባቱ ሰባኪም ሐኪምም ነበሩ፤ ስቲልም ሕክምናን በዋናነት የተማረው በዘመኑ ልማድ አብሮ እየሠራ፣ ከባለሙያ ሥር ሆኖ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የመማሪያ መንገዱ ከእኛ ወጌሻ መንገድ የራቀ አልነበረም።

በ1864 ሦስት ልጆቹ በማጅራት ገትር ሞቱበት። የወቅቱ መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮ አንዱም አላዳናቸውም። ያን ጊዜ ሐኪሞች ሜርኩሪ ያለባቸው መድኃኒቶችን ያጠጡ፣ ደም ያፈስሱ ነበር፤ ብዙው ሕክምና ከበሽታው የከፋ ነበር ማለት ይቻላል። ስቲል በዚያ ሕክምና ላይ እምነቱን አጣ። በ1874 አዲስ አስተሳሰቡን በይፋ ገለጸ፦ የአካል ቅርጽና ተግባር የተሳሰሩ ናቸው፤ አካል ራሱን የማዳን ኃይል አለው፤ የሐኪም ሥራ አጥንትን፣ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ አስተካክሎ ለዚህ ኃይል መንገድ መክፈት ነው የሚል ነበር።

ዛሬ በሳይንስ ዓይን ስናየው ስቲል በአንዳንዱ ትክክል፣ በብዙው ስሕተት ነበር። የአከርካሪ አጥንት መዛነፍ የበሽታዎች ሁሉ ምንጭ አይደለም፤ ማጅራት ገትርንም እጅ አያድነውም። ታሪኩን ለእኛ ጠቃሚ የሚያደርገው ግን ስቲል ትክክል መሆን አለመሆኑ አይደለም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ስሕተቱን እንዴት እንዳረሙት ነው። ይህም የሆነው በትምህርት ቤት አማካይነት ነው።

በ1892 ስቲል በሚዙሪ ግዛት በከርክስቪል ከተማ የመጀመሪያውን የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት ከፈተ። አናቶሚ እንዲያስተምር የቀጠረው በኤድንብራ የተማረውን ዊሊያም ስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ሴቶችም ነበሩ። እኔ የአናቶሚ መምህር ስለሆንሁ አድሎዬን ይቅር በሉኝ እንጂ፣ የለውጡ ዘር የተዘራው በዚያ ቅጥር ይመስለኛል። ዕውቀት ከመሥራቹ እጅ ወጥቶ ሌላ ሰው ሊፈትሸው፣ ሊያስተምረው፣ ሊያርመው ወደሚችል ሥርዓት ገባ።

ከዚያ በኋላ የነበረው መንገድ ረጅም ነው። በ1896 ቨርሞንት ለኦስቲዮፓቶች ሕጋዊ ፈቃድ የሰጠች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ ባወጣው ታዋቂ ዘገባ የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤቶችንም ክፉኛ ተቸ፤ ላቦራቶሪ የላቸውም፣ በቂ ሆስፒታል የላቸውም አለ። ከፊሎቹ ተዘጉ፤ የቀሩት ሥርዓተ ትምህርታቸውን አስተካከሉ። መድኃኒት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ማዋለድ፣ ሁሉም ተጨመረ። በ1966 የአሜሪካ ጦር ኃይል ኦስቲዮፓቲክ ሐኪሞችን በሐኪምነት መቀበል ጀመረ። በ1973 ሚሲሲፒ የመጨረሻዋ ግዛት ሆና ሙሉ የሕክምና ፈቃድ ሰጠቻቸው። ከመጀመሪያው ትምህርት ቤት እስከዚያ ቀን 81 ዓመት አልፏል።

በመካከሉ በካሊፎርኒያ የሆነውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ1962 የግዛቲቱ ኦስቲዮፓቲክ ሐኪሞች 65 ዶላር ከፍለው ማዕረጋቸውን በመደበኛው የሕክምና ዶክተርነት ማዕረግ እንዲለውጡ ተፈቀደላቸው። ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ለወጡ። ትናንት «ብቁ አይደላችሁም» ይባሉ የነበሩት ሰዎች ዛሬ አንድ አዲስ ትምህርት ሳይማሩ ብቁ ሆኑ። የቀሩት ኦስቲዮፓቶች ይህን በፍርድ ቤት ተጠቀሙበት፤ በ1974 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አዲስ ኦስቲዮፓቶች ፈቃድ የማግኘት መብታቸው እንዲመለስ ወሰነ። ከዚህ የምንማረው ማዕረግና ብቃት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ነው። ወረቀት ሊለወጥ ይችላል፤ እጅና አእምሮ ግን በ65 ዶላር አይለወጡም።

የዛሬው ኦስቲዮፓቲክ ሐኪም ሥልጠና

ታዲያ የዘመዴ ልጅ የምትማረው ምንድን ነው? በአሜሪካ ሥርዓት መሠረት በመጀመሪያ የባችለር ዲግሪዋን ጨርሳለች፤ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተምራለች። ሌሎች የሕክምና አመልካቾች የሚወስዱትን የመግቢያ ፈተና ወስዳለች። ከዚያ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት ይጠብቃታል፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአብዛኛው መሠረታዊ ሳይንስ፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመታት በሆስፒታልና በክሊኒክ ታማሚ ዘንድ። በዚህ ላይ ሌሎች የሕክምና ተማሪዎች የማይማሩት ወደ 200 ሰዓት የሚደርስ በእጅ የመመርመርና የማከም ሥልጠና ይታከልበታል። ኮምሌክስ የሚባለውን ባለ ሦስት ደረጃ አገር አቀፍ የፈቃድ ፈተና ታልፋለች። ከዚያም እንደ መረጠችው ዘርፍ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሚወስድ የሬዚደንሲ ሥልጠና አለ።

ቀድሞ የኦስቲዮፓቲክ ሐኪሞች ሬዚደንሲ የራሱ የተለየ እውቅና ሰጪ ነበረው። ከ2015 ጀምሮ ሁለቱ ሥርዓቶች መቀላቀል ጀመሩ፤ በ2020 ውሕደቱ ተጠናቀቀ። ዛሬ በአሜሪካ ሁለቱ ዓይነት ተመራቂዎች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ኃላፊ ሥር፣ በአንድ መመዘኛ ይሠለጥናሉ። ቀዶ ሐኪም፣ የሕፃናት ሐኪም፣ የአእምሮ ሐኪም መሆን ይችላሉ። በአሜሪካ ከሚማሩ የሕክምና ተማሪዎች መካከል ሩብ ያህሉ በኦስቲዮፓቲክ ኮሌጆች ያሉ ናቸው። ስለዚህ ለአጎቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ ትክክል ነበር፤ ልጁ ሐኪም ናት።

ነገር ግን «ኦስቲዮፓት» የሚለው ቃል ድንበር ሲሻገር ትርጉሙ ይለወጣል። ጆን ማርቲን ሊትልጆን የተባለው የስቲል ተማሪ በ1917 በለንደን ትምህርት ቤት ከፈተ። በብሪታንያ ግን ሙያው ወደ ሙሉ ሐኪምነት አላደገም፤ በ1993 በወጣ ሕግ የተመዘገበ፣ ራሱን የቻለ፣ ነገር ግን የተወሰነ ሙያ ሆነ። የብሪታንያ ኦስቲዮፓት የጀርባና የመገጣጠሚያ ሕመምን በእጁ ያክማል፤ መድኃኒት አያዝም፣ ቀዶ ሕክምና አያደርግም። በአንድ ቃል ሁለት ሙያ አለ ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ልዩነት ለማጥራት በ2010 የኦስቲዮፓቲ ሥልጠና መመዘኛ አውጥቷል። ምንም የጤና ትምህርት ሳይኖረው ለሚገባ ሰው ዝቅተኛው ሥልጠና 4,200 ሰዓት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 1,000 ሰዓቱ በባለሙያ ክትትል ሥር ታማሚ የሚታይበት መሆን አለበት። አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ለሆነ ደግሞ 1,000 ሰዓት ይበቃል። እባካችሁ የመጀመሪያውን ሐሳብ ልብ በሉ፦ ከሰዓቱ ሩብ ያህል የሚሆነው «ሌላ ሰው እያየህ የምትሠራበት» ነው። የሙያ ማረጋገጫ ልብ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወጌሻ ምን ያውቃል? ያላወቀውስ ምንድን ነው?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ወጌሻ የሚለውን ቃል ዛሬም በየቀኑ እንሰማዋለን። በእግር ኳስ ሜዳ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያ፣ በዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ የተማረ ቢሆን እንኳ፣ ጋዜጠኛው «የቡድኑ ወጌሻ» ይለዋል። ቋንቋችን ለዚህ ሙያ ክብር ሰጥቷል ማለት ነው።

ወጌሻ የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ነው። በመዳሰስ ይመረምራል። የወለቀን መገጣጠሚያ ይመልሳል፤ ወለምታን በቅቤ ወይም በዘይት ያሻል፤ ስብራትን አስተካክሎ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጣሪ ይደግፋል። ራጅ የለውም፤ በጣቶቹ ያያል። በብዙ ስብራት ይሳካለታል። ምክንያቱም ቆዳው ያልተቀደደ ቀላል ስብራት፣ በተለይ የልጅ አጥንት፣ ከተደገፈና ከተረጋጋ በራሱ ይገጥማል። ይህ ተፈጥሮ የሠራው ሥራ ነው፤ ምስጋናው ግን ለወጌሻው ይሰጣል። ለሐኪምም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው።

ሕዝቡም ወደ ወጌሻ የሚሄደው ስላልተማረ ብቻ አይደለም። ወጌሻ ቅርብ ነው፤ ወረፋ የለውም፤ ክፍያው ቀላል ነው፤ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ታማሚውን ስሙን ጠርቶ ያነጋግረዋል። በተጨማሪም ሁላችሁም የሰማችሁት አንድ ፍርሃት አለ፦ «ሆስፒታል ከሄድህ ይቆርጡሃል» የሚል። ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? ዙሪያ ጥምጥሙን አስተውሉ። አንድ ሰው ይሰበራል፤ ከመጠን በላይ ጠብቆ ይታሰራል፤ እግሩ ይሞታል፤ ጠቁሮና ሸቶ ሆስፒታል ይደርሳል፤ ሐኪሙ ሕይወቱን ለማትረፍ ይቆርጠዋል። ሰፈሩ የሚያየው ግን «በሁለት እግሩ ገብቶ በአንድ እግሩ ወጣ» የሚለውን ብቻ ነው። ቀጣዩ የተሰበረ ሰው ሆስፒታልን የበለጠ ይፈራል፤ የበለጠ ይዘገያል። ጉዳቱ ራሱን እየመገበ ይቀጥላል።

ጠብቆ የታሰረ ክንድ እንዴት ይሞታል?

ተማሪዎቼ እንደምታውቁት በክንድና በእግር ውስጥ ጡንቻዎች ፋሺያ በተባለ የማይለጠጥ ሽፋን ተከፋፍለው ተቀምጠዋል። አጥንት ሲሰበር ደም ይፈሳል፤ አካሉ ያብጣል። እብጠቱ በመጀመሪያው ሰዓት አይቆምም፤ በቀጣዩ ቀንና ሌሊትም ይጨምራል። በመጀመሪያው ቀን ልክ የነበረ ማሰሪያ በማግሥቱ ጠባብ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከውጭ ስንጣሪው፣ ከውስጥ ፋሺያው አላስፋፋ ሲሉት ግፊቱ ያድጋል። በቅድሚያ ደም መላሾቹ ይዘጋሉ፤ ደም ይገባል እንጂ አይወጣም፤ ስለዚህ እብጠቱ ይብሳል። ቀጥሎ ግፊቱ ከደቂቅ የደም ሥሮች ግፊት ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ጡንቻው ኦክስጅን ያጣል። በዚህ ሁኔታ ስድስት ሰዓት ያህል የቆየ ጡንቻ ሊመለስ በማይችል ሁኔታ መሞት ይጀምራል።

የሚያሳስተው ነገር፣ ጡንቻው እየሞተ ሳለ የእጅ አንጓ የደም ምት ሊሰማ መቻሉ ነው። ስለዚህ ምት አለ ብሎ መረጋጋት አይገባም። የመጀመሪያው ምልክት ሕመም ነው፤ ከስብራቱ መጠን ያለፈ፣ በመደገፍ የማይበርድ፣ ጣቶች በሰው እጅ ሲዘረጉ የሚያስጮኽ ሕመም። መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መገርጣትና አለመንቀሳቀስ የሚመጡት ከዘገየ በኋላ ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ቀላል ነው፦ ማሰሪያውን መፍታት። ያ ካልበቃ በፍጥነት በቀዶ ሕክምና ሽፋኑን መክፈት። ጡንቻው ከሞተ በኋላ በጠባሳ ተተክቶ ያጥራል፤ ጣቶችን ወደ ውስጥ ስቦ ያስቀራል። ይህን ሁኔታ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 ገልጾታል። እኔ መጽሐፉ ላይ ሥዕሉን ባየሁ ቀን የወንድሜን እጅ አየሁ። «አጥንት ሲገጥም ያማል» ብለን ያሳለፍነው ጩኸት ምልክቱ ነበር።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። መምህር ከሆንሁ በኋላ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የጤና ተቋም፣ በሠለጠነ ባለሙያ የታሰረ ጀሶ በአንድ ሕፃን ላይ ይህንኑ ሲጀምር አይቻለሁ። እናቲቱ «ልጄ አልተኛም» እያለች ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች፤ የሰማት አልነበረም። የሕፃኑ እጅ የተረፈው አንዲት ነርስ የበላዮቿን ሳትጠብቅ ጀሶውን ሰንጥቃ ስለከፈተችው ነው። እንግዲህ ዲግሪ ብቻውን አላዳነም። ያዳነው ምልክቱን ማወቅና በዕውቀቱ ላይ ተመሥርቶ ኃላፊነት መውሰድ ነው።

ሦስት መንገዶች

በዓለም ታሪክ የወጌሻ ዕውቀት በሦስት መንገድ ተጉዟል። አንዱ በአሜሪካ እንዳየነው በትምህርት ቤት አድጎ ሙሉ ሕክምና መሆን ነው። ሁለተኛው በብሪታንያ እንዳየነው የተወሰነ፣ የተመዘገበ ሙያ መሆን ነው። ሦስተኛው ብዙም አይነገርለትም፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የቀረበ ይመስለኛል።

በዌልስ ደሴት በአንግልሲ ለትውልዶች የወጌሻነት ሙያ የነበረው ቤተሰብ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ኢቫን ቶማስ በሊቨርፑል ከተማ ይሠራ ነበር፤ ሐኪሞች በተደጋጋሚ ይከሱት ነበር። እርሱ ግን ልጆቹን ሕክምና ትምህርት ቤት አስገባ። ልጁ ሂዩ ኦወን ቶማስ በ1857 ሐኪም ሆኖ ተመዘገበ። የቤተሰቡን የእጅ ዕውቀት ከአናቶሚ ጋር አገናኝቶ፣ ዛሬም በእኛ ሆስፒታሎች ጭምር የምንጠቀምበትን የቶማስ ድጋፍ የተባለውን የጭን ስብራት መደገፊያ ፈለሰፈ። የእኅቱ... ይቅርታ፣ የሚስቱ ወንድም ልጅ ሮበርት ጆንስ ይህ መደገፊያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሰፊው እንዲሠራበት አደረገ፤ በጭን ስብራት ይሞቱ የነበሩ ወታደሮች ቁጥር እጅግ ቀነሰ። የወጌሻ ቤት ልጅ የዘመናዊው የብሪታንያ የአጥንት ሕክምና አባት ተባለ።

በዚያው ዘመን፣ በ1867፣ ታላቁ የለንደን ቀዶ ሐኪም ጄምስ ፓጄት ወጌሾች ስለሚያድኗቸው ሕሙማን ለሐኪሞች ንግግር አድርጎ ነበር። መልእክቱ ባጭሩ እነርሱ የሚያድኑትንና እኛ ያላዳነውን እንመርምር፤ የሚጠቅመውን እንውሰድ፤ የሚጎዳውን እንተው የሚል ነበር። ከ150 ዓመት በኋላም ከዚህ የተሻለ የአካዳሚ አቋም አላገኘሁም።

በአገራችንስ ምን ተደርጓል?

በሕግ በኩል ከጀመርን፣ በ1948 የወጣው የሕክምና ባለሙያዎች አዋጅ ቁጥር 100 ለሕይወት አደገኛ እስካልሆነ ድረስ የአገር ባህል ሕክምናን አልከለከለም። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661ም የባህል ሕክምናን በቁጥጥር ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ስለዚህ ሕጉ በሩን አልዘጋም። የጎደለው በሩን አልፎ የሚገባው ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት በዝርዝር የሚነግር ሥርዓተ ትምህርት ነው።

በዘመናዊው ሕክምና በኩል መንገዱ ግልጽ ነው። ጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተከፈቱ። የአጥንት ሐኪም ለመሆን ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ አጠቃላይ ሕክምና፣ በውስጡም የኢንተርንሺፕ ዓመት፣ የሙያ ፈቃድ፣ ከዚያም ከአራት ዓመት ያላነሰ የሬዚደንሲ ሥልጠና ያስፈልጋል። እዚሁ ልደታ ውስጥ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሠለጥኑት ሬዚደንቶች ይህን መንገድ የሚጓዙ ናቸው። ፊዚዮቴራፒም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ይሰጣል። ይሁንና አገሪቱ ሰፊ ናት፤ ከአጥንት ሐኪም የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ነው። ዛሬ ማታ በዚያ የሚሰበር ልጅ የሚደርስለት ወጌሻው ነው። ስለዚህ ወጌሻውን ብናሠለጥነው ይሻላል ወይስ ብንተወው?

ለዚህ መልስ የሰጠ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም አለ። ዶክተር መኮንን እሸቴ በ2005 በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ገጠር ለሚሠሩ ወጌሾች አጭር ትምህርትና ክትትል ተሰጥቶ፣ በጠባብ ማሰሪያ ምክንያት ይመጣ የነበረው የአካል መቆረጥ መቀነሱን አሳይተዋል። ጥናቱ ያስደነቀኝ በትልቅነቱ አይደለም፤ በቀላልነቱ ነው። ሕንፃ አላስፈለገም፤ ማዕረግ አላስፈለገም። ማሰሪያ መቼ እንደሚፈታ፣ የትኛው ታማሚ ወደ ሆስፒታል እንደሚላክ ማወቅ በቂ ነበር።

የሙያ ማረጋገጫ ምንድን ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ሐኪምን ከወጌሻ የሚለየው ምንድን ነው? እኔ አምስት ነገሮች እላለሁ። አንደኛ፣ ዕውቀቱ ሌላ ሰው ሊፈትሸው በሚችል መልክ ተጽፏል። ሁለተኛ፣ ተማሪው ስሕተቱን የሚያይለት ሰው ባለበት ታማሚ አክሟል። ሦስተኛ፣ ያላስተማረው ሰው ፈትኖታል። አራተኛ፣ የማይችለውን ያውቃል፤ ለማን እንደሚልክም ያውቃል። አምስተኛ፣ ሲሳሳት የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ከዚህ አዳራሽ ብዙ ሳንርቅ ጥቁር አንበሳ አለ፤ የልደታው ፍርድ ቤትም አለ። አንድ ሙያ በሁለቱም ፊት መቆም ሲችል ሙያ ይባላል፤ በታማሚው አልጋ ፊትና በሕግ ፊት።

የወንድሜ ወጌሻ የመጀመሪያው ይቅርና አራተኛው ቢኖራቸው ኖሮ ይበቃን ነበር። ከክርን በላይ የሆነ የልጅ ስብራት አደገኛ መሆኑን፣ ጠብቆ መታሰር እንደሌለበት፣ ልጁ ሌሊት ከጮኸ መፈታት እንዳለበት የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይህን ለማስተማር 4,200 ሰዓት አያስፈልግም። አንድ ቀን ይበቃል። ያን አንድ ቀን ያልሰጠናቸው ግን እኛ የተማርነው ነን።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የጤና ሳይንስ ኮሌጆቻችን በየአካባቢያቸው ያሉትን ወጌሾች ይመዝግቡ፤ አጭር፣ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ የተዘጋጀ ትምህርት ይስጡ፤ ትምህርቱም «አትንኩ» በሚለው ዝርዝር ይጀምር፦ ቆዳ የቀደደ ስብራት፣ የልጅ ክርን፣ አከርካሪ፣ ዳሌ፣ የደነዘዘ እጅና እግር። ሁለተኛ፣ ጤና ጣቢያዎች ወጌሻ የላከውን ታማሚ ሳይሳለቁና ሳይወቅሱ ይቀበሉ፤ የተሰደበ ወጌሻ ሁለተኛ አይልክም። ሦስተኛው ለራሳችን ነው፤ ተማሪዎቻችን በራጅ ብቻ ማየት ለምደዋል። ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጆች 200 ሰዓት ለእጅ የሚሰጡት በከንቱ አይደለም። ታማሚን መዳሰስ፣ ጣቱን መዘርጋት፣ እናቱን መስማት መመዘኛ ይሁን፤ ፈተናም ይውጣለት።

ለአጎቴ ልጅ እንደገና ደውዬለታለሁ። «ልጅህ ሐኪም ናት» አልሁት። «ደግሞም በእጇ መንካት የሚያስተምሯት ሐኪም ናት፤ በዚህ አትፈር።» ወንድሜ ዛሬ በሕይወት አለ። የልጅ ልጁ ባለፈው ክረምት ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ ጠርቶ ከደገፈ በኋላ ማሰሪያውን በገዛ እጁ አላልቶ፣ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ጣቶቿ ደኅና ናቸው።



ከአድማጮች ከቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መምህር፣ ወጌሾችን ማሠልጠን ሕጋዊነት መስጠትና ሰዉን ከሆስፒታል ማራቅ አይሆንም?

መልስ፦ ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ለዚህም ሥልጠናው ማዕረግ መስጠት የለበትም። የካሊፎርኒያን ታሪክ ያነሣሁት ለዚህ ነው። የምስክር ወረቀት በግድግዳ ሰቅሎ ራሱን «የአጥንት ሐኪም» የሚል ሰው ከማይሠለጥነው ይብሳል። ሥልጠናው የሚሰጠው ነገር ድንበር ነው፤ የቱን እንደሚነካና የቱን እንደሚልክ። ሰዉን ከሆስፒታል ያራቀው ደግሞ ወጌሻው ብቻ አይደለም፤ ርቀቱ፣ ወጪውና አቀባበላችንም ነው።

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር «ኦስቲዮፓት ነኝ» ብሎ የመጣ ሰው ቢያጋጥመን ምን እንጠይቀው?

መልስ፦ ሁለት ነገር። የት ተማርህ? ምን እንድትሠራ ነው የተፈቀደልህ? በአሜሪካ የሠለጠነ ከሆነ የሐኪም ሥልጠና አለው፤ በብሪታንያ ከሆነ የተወሰነ ሙያ ባለቤት ነው፤ በሁለቱም ሁኔታ የትምህርት ማስረጃው እዚህ መጣራትና የሙያ ፈቃድ ማግኘት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ካወጣው ሰዓት በታች፣ ጥቂት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ተምሮ ከሆነ ግን፣ ትከሻዬን የመለሱትን ወጌሻ እመርጣለሁ። እርሳቸው ቢያንስ አርባ ዓመት ሠርተዋል።